አንድ ሕሙም በሁለት ደጅ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከመካኒሳ ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ባለ አንድ መንደር፣ ዘመናቸውን ቅኔ በማስተማር ያሳለፉ አንድ መሪጌታና ከሥራቸው በጡረታ የተሰናበቱ አንዲት የሥነ አእምሮ ነርስ በጉርብትና ይኖራሉ። ሁለቱም የአንድ እድር አባላት፣ በሰፈሩም ዘንድ የተከበሩ በመሆናቸው፣ ጭንቅ የገባው ሰው ሁሉ ከሁለቱ የአንዱን በር ማንኳኳቱ የተለመደ ነው። የሚከተለው ምልልስ የተደረገው መሪጌታ ራሳቸው ምክር ፈላጊ ሆነው ወደ ሲስተር ቤት በሄዱበት ቀን ነው።

መሪጌታ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ዛሬ የመጣሁት ስለ ራሴ ሕማም ሳይሆን ስለዚያች ስለ ጎረቤታችን ባልቴት ልጅ ነው። ልጁን ያውቁታል፤ በኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለው አትክልት ተራ ሌሊቱን ሽንኩርትና ቲማቲም ከመኪና እያወረደ እናቱን ሲጦር የኖረ ታታሪ ጎረምሳ ነበር። በመጀመሪያ እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ቃመ፤ ጫቱ የቀኑን እንቅልፍ ሲነሣው ደግሞ ምርቃናውን ለማብረድ ወደ አረቄ ቤት ጎራ ይል ጀመር፤ ሁለቱን ሲያፈራርቅ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሰዎች ይማከሩብኛል፣ ምግቤም ተመርዟል እያለ ከቤት መውጣት ተወ። እናቲቱ ጸበል ብትወስደው፣ ጫቱንና መጠጡን ካልተወ ጸበሉ አይሠራለትም አሏት። ወደ አንድ የሕክምና ቤት ብትወስደው፣ መጀመሪያ ከሱሱ ይላቀቅና ከዚያ በኋላ አምጭው ተባለች። ከሱስ ያላቅቃል ወደ ተባለ ቤት ብትሄድ ደግሞ፣ እኛ የአእምሮ ሕሙም አንቀበልም፣ አስቀድሞ አእምሮው ይታከም ብለው መለሷት። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ይዛኝ፣ ልጄ የየትኛው በሽታ ሕሙም ነው ብላ ብትጠይቀኝ፣ ስንት ጊዜ ለምእመናን የተናገርሁበት አፌ መልስ አጣላት።

ሲስተር፦ መልስ ማጣትዎ ከእርስዎ አለማወቅ የመጣ አይደለም መሪጌታ፤ ጥያቄው የተወለደው ከልጁ ደዌ ሳይሆን እኛ ባለሙያዎች ከሠራነው ሥርዓት ነውና። ልጁ የሁለቱም ሕሙም ነው። ይህ ደግሞ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። በአሜሪካም ለብዙ ዘመን የመጠጥ ሱሰኞች የሚታከሙበት ቤት ሌላ፣ የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ቤት ሌላ፣ በጀታቸውም ባለሙያቸውም የተለያየ ስለ ነበረ፣ ሁለቱን የተሸከመው ሕሙም ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ አንድ ታላቅ የሕዝብ ጥናት፣ በሕይወት ዘመናቸው ስኪዞፍሬንያ ከያዛቸው ሰዎች 47 ከመቶ ያህሉ የመጠጥ ወይም የሌላ ዕፅ ሱስ ደርሶባቸው እንደ ነበር፣ የመጠጥ ሱስ ካለባቸውም 37 ከመቶ የሚሆኑት ሌላ የአእምሮ ሕመም እንደ ነበረባቸው ተገለጠ። እንግዲህ እንደ ልዩ አጋጣሚ ይቆጠር የነበረው ነገር የዘወትር ነገር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

መሪጌታ፦ ነገሩ ይህን ያህል የተደጋገመ ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ሥር ሁለተኛው ቅርንጫፍ መሆን አለበት። ሥሩን ለይታችሁ ብትነቅሉት ቅርንጫፉ በራሱ ጊዜ ይደርቅ የለምን?

ሲስተር፦ ብዙዎቻችን ለረጅም ጊዜ የተሳሳትነው በዚህ ምሳሌ ነው። አንዳንዱ ሰው በመጀመሪያ ይታመምና የሚሰማውን ድምፅ ዝም ለማሰኘት፣ ወይም ድባቴውን ለመርሳት ይጠጣል። አንዳንዱ ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በዕፁ ብዛት ይታመማል። ሌላው ከልጅነቱ የደረሰበት መከራ፣ ድህነትና የእንቅልፍ እጦት ሁለቱንም ባንድነት ያመጡበታል። ከየትም ይጀምር ከየት፣ ከዓመታት በኋላ ግን አንዱ ሌላውን እየመገበ ስለሚኖር የመጀመሪያውን ፈልጎ ማግኘት የታሪክ ጥያቄ ይሆናል እንጂ የፈውስ ጥያቄ አይሆንም። የዚህን ልጅ ነገር እንመልከት። በእርጥቡ የጫት ቅጠል ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ቤተ ሙከራ የተለየው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሥራውም አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር የሚቀራረብ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚደክም ነው ቃሚዎች ትኩሱን በችኮላ የሚሹት። ምርቃናው እንቅልፍ ይነሣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ጥርጣሬም ያሳድራል፤ ጨብሲ ብለው የሚጨምሩበት መጠጥ ያስተኛ ይመስላል እንጂ እንቅልፉን ቆራርጦ ያበላሸዋል፤ በማግሥቱ ድካምና ሐዘን ሲወርድ ሐራራው ደግሞ ወደ ጫቱ ይመልሰዋል። ይህ ዙረት በየቀኑ ሲደጋገም፣ አስቀድሞ ለሕመም የቀረበ አእምሮ ያለው ሰው በመጨረሻ ይሰበራል።

መሪጌታ፦ ለሕመም የቀረበ አእምሮ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? በአገራችን ስንቱ ሽማግሌ ዕድሜ ልኩን ቅሞ፣ አእምሮው ሳይታወክ ዐርፏል።

ሲስተር፦ እውነት ነው፤ ይህን መዘንጋት ሌላ ስሕተት ይሆናል። ከብዙ ዓመታት በፊት በቡታጅራ፣ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ10,000 በላይ የሆኑ ጎልማሶችን መርምረው፣ ግማሾቹ በዚያን ጊዜ ጫት የሚቅሙ፣ ከቃሚዎቹም 17 ከመቶ ያህሉ በየቀኑ የሚቅሙ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትመዋል። ከነዚያ ሁሉ ሰዎች መካከል አብዛኛዎቹ አላበዱም፤ በብዙዎችም ዘንድ ቅሚያው የማኅበራዊ ኑሮና የጸሎት ልማድ አካል ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን በዘር የወረደ ዝንባሌ ያለበት፣ አብዝቶና ብቻውን የሚቅም፣ እንቅልፍ ያጣ፣ መጠጥም የደረበበት ሰው ከሌላው ይልቅ ለአደጋ የቀረበ ነው። ስለዚህ ጫት ሁሉን ያሳብዳል ማለትም፣ ማንንም አይጎዳም ማለትም ሕሙሙን አይረዳውም።

መሪጌታ፦ እንግዲህ አንድ ነገር በግልጥ ልናገር፤ በልቡናዬ ሲመላለስ የቆየ ነው። ሕዝባችን ለአእምሮ ሕሙም ያዝናል፤ ርኩስ መንፈስ ያዘው፣ ዓይን በላው፣ ዕጣው ነው ይልና እህል ያቀምሰዋል፣ ጸበል ይወስደዋል። ለሱሰኛው ግን ይፈርድበታል፤ በገዛ እጁ ነው፣ ይበለው ይላል። እኔም ሳልሸሽግ ብናገር ከዚህ ፍርድ ነጻ አይደለሁም። ሰው ነጻ ፈቃድ ተሰጥቶታልና፣ ስካርን ደዌ ብለን ከጠራነው ኃጢአትም ተግሣጽም ትርጉም አጡ ማለት አይደለምን?

ሲስተር፦ የተናገሩት ነገር ከሁሉ የከበደውን ነጥብ ይዟል፤ ሁለቱ ደዌዎች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ልብ ይበሉ። ስለ አእምሮው ሊያዝንለት የሚገባው ሰው ሱሱን አይቶ ምሕረቱን ይነሣዋል፤ ስለ ሱሱ ሊገሥጸውና ሊመክረው የሚችለው ሰው ደግሞ ቅዠቱን አይቶ፣ ከእብድ ጋር ምን አነጋገረኝ ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ሲሆን ሕሙሙ የሁለት ሰዎች መከራ ተሸክሞ የአንድ ሰው ርኅራኄ እንኳ ሳያገኝ ይቀራል። ሕክምናውን ባንድነት ከማድረጋችን በፊት ፍርዳችንን ባንድነት ማድረግ ያስፈልገናል የምለው ለዚህ ነው። ስለ ፈቃድ የጠየቁኝንም ልመልስ፤ ደዌ የሰውን ፈቃድ ያደክመዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። የሕክምናው ሥራ የደከመውን ፈቃድ መደገፍና ማጠንከር ነው፤ ፈቃዱ እስኪጠነክር ድረስ ሕክምናውን መከልከል ግን ነገሩን መገልበጥ ይሆናል።

መሪጌታ፦ ይህንስ እኔ ከእርስዎ ይልቅ ማወቅ በተገባኝ ነበር! የንስሓ አባት፣ መጀመሪያ ኃጢአትህን ፈጽመህ ተውና ከዚያ በኋላ ለኑዛዜ ና አይልም። ሰው ሲወድቅ ይቀበለዋል፣ ቀኖናውን እንደ አቅሙ ይሰጠዋል፣ ሰባት ጊዜ ቢወድቅ ሰባት ጊዜ ያነሣዋል። ሱሱን ትተህ ና የሚለው ቃል ከሐኪምም ሆነ ከጸበል አስተናጋጅ አፍ ቢወጣ፣ ደጁ ለዳነ ሰው ብቻ ክፍት ነው ማለት ነው።

ሲስተር፦ መልካም ተናገሩ። በእኛም ሙያ ከዚህ ጋር የሚዛመድ የአነጋገር ሥርዓት አለ፤ ዊልያም ሚለር የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያስፋፉት ነው። ባለሙያው ሕሙሙን በመገሠጽና በማስፈራራት ፈንታ ይጠይቀዋል፣ በትዕግሥት ያዳምጠዋል፤ የመለወጥን ምክንያት ሕሙሙ በራሱ አንደበት እንዲናገር ያደርገዋል። ሰው ከሌላ ሰው አፍ የሰማውን ምክንያት ይከራከረዋልና፤ ራሱ የተናገረውን ግን በቀላሉ አይክደውም።

መሪጌታ፦ አሁን ደግሞ በተግባር ይንገሩኝ። ባንድነት ማከም ማለት ምንድን ነው? ሁለት ሐኪሞች በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ ማለት ነውን?

ሲስተር፦ መንገዱ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ተራ በተራ ማከም ሲሆን፣ አንዱ እስኪድን ሌላው ይቆያል፤ ነገር ግን ያልታከመው የታከመውን መልሶ ስለሚያፈርሰው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ሁለተኛው ጎን ለጎን ማከም ነው፤ ሕሙሙ ሰኞ ወደ አንዱ፣ ሐሙስ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ሁለቱ ባለሙያዎች ግን አይነጋገሩም፤ አንዱ ያዘዘውን ሌላው ይነቅፋል፣ ሁለቱን ምክር የማስታረቁም ሥራ ሐሳቡ በተበተነው ሕሙም ላይ ይወድቃል። ሦስተኛው ባንድነት ማከም ሲሆን፣ ሮበርት ድሬክ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በኒው ሃምፕሸር ለዓመታት የደከሙበት ነው፤ አንድ የባለሙያዎች ቡድን፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ዕቅድ ይኖራል፤ ለሚሰማው ድምፅ መድኃኒት በሚሰጥበት በዚያው ቀን ስለ ጫቱና ስለ መጠጡም ይነጋገሩበታል። መድኃኒቱን ለመስጠት ሱስ መተዉ እንደ ቅድመ ሁኔታ አይጠየቅም፤ በሳምንት ሰባት ቀን የሚቅመው ሰው ሦስት ቀን ብቻ ቢቅም ያ እንደ ድል ይቆጠራል። ቤተ ሰቡ ይማራል፣ ሥራና መኖሪያም ይታሰብለታል። ሥራው የወራት ሳይሆን የዓመታት መሆኑንም ሁሉም ከመጀመሪያው ያውቃል።

መሪጌታ፦ ምናልባት ሕመሙ ከጫቱ ብቻ የመጣ ቢሆንስ? ለሚያልፍ ነገር ብርቱ መድኃኒት መስጠት አይከብድምን?

ሲስተር፦ በዕፅ ብቻ የመጣ ቅዠት ዕፁ ከተቋረጠ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፤ ወር ካለፈው በኋላም ካልለቀቀ ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም መኖሩን እንጠረጥራለን። ነገር ግን ይህን የምንለየው ሕሙሙን ከደጅ መልሰን በመጠበቅ ሳይሆን፣ ተቀብለን፣ አስተኝተን፣ አብልተን፣ በየጊዜውም እየመረመርን ነው። ከዚህ ጋር አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ እርስዎም ለእናቲቱ ሳይረሱ ይንገሩልኝ። ጫት በድንገት ቢቋረጥ ድካም፣ ሐዘን፣ ብዙ እንቅልፍና በሌሊት የሚጫን ዱካክ ይመጣል፤ ይህ ያስጨንቃል፣ ቤተ ሰብም መንፈስ ነው ብሎ ይደነግጣል፤ ለነፍስ የሚያሰጋ ግን እምብዛም ነው። ከረጅም ዘመን ጀምሮ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው መጠጡን ባንድ ጊዜ ቢያቆም ግን፣ በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፤ በሁለት ቀን ውስጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከልም የሌለ ነገር እያየ ሊቃዥና ካልታከመ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው አስሮ ወይም ቆልፎበት ማስተው ነፍስ ማጥፋት ሊሆን ይችላልና፣ በጤና ባለሙያ ፊት በሚቀነስ መድኃኒትና ቲያሚን በሚባለው ቫይታሚን ታግዞ ሊያቆም ይገባል። የእንቅልፍ ክኒን ከአረቄ ጋር መውሰድም እስትንፋስን እስከ ማቆም ይደርሳል።

መሪጌታ፦ ይህ ነገር የጾማችንን ነገር አሳሰበኝ። በዓቢይ ጾም መጠጡን ፈጽሞ የሚተው ሰካራም በየዓመቱ አያለሁ፤ የፋሲካ ዶሮ ሳይወጣ ግን በእጥፍ ይመለስበታል። ከዚህ የተረዳሁት፣ ፈቃድ የሌለው አለመሆኑን ነው፤ ሃምሳ አምስት ቀን መከልከል የቻለ ሰው ፈቃድ አለው። የሚጎድለው ጾሙ ሲፈታ የሚይዘው እጅ ነው፤ በጾሙ ወራት መላው ሕዝብ አብሮት ይጾማል፣ በማግሥቱ ግን ብቻውን ይቀራል።

ሲስተር፦ እኔ በሙያዬ ቃል እንዲህ አሳጥሬ ልናገረው አልችልም ነበር። በሕክምናም ሰው የሚወድቀው ሲያቆም ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ካቆመ በኋላ ነው። ስለዚህ የንስሓ አባት የንስሓ ልጃቸውን በጾም መግቢያ ስለ መጠጡ ቢጠይቁትና፣ መንቀጥቀጥ ያለበት ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ቢልኩት፣ ከፋሲካም በፊት ለማግሥቱ ዕቅድ ቢያወጡለት፣ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይረዳዋል።

መሪጌታ፦ ጤና ጣቢያ አሉ፤ ወደ አማኑኤል መሄድ የለበትምን?

ሲስተር፦ አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፤ ለረጅም ዘመን ለአገሪቱ በሙሉ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣውን ሕሙም ሲሸከም ኖሯል። በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በዓለም ጤና ድርጅት ርዳታ በዚያው የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ስፔሻሊቲ ትምህርት የተከፈተው ግን በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞቻችን ለዚህ ትምህርት ባሕር ይሻገሩ ነበር። እንግዲህ ሕሙሙ ሁሉ ወደ አንድ ሆስፒታል ቢጎርፍ መድረሻ አይኖረውም። ስለዚህም በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው በጤና ጣቢያዎች እንዲሰጥ አቅዷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለጠቅላላ የጤና ሠራተኞች ባዘጋጀው መመሪያም ውስጥ ድባቴው፣ ከእውነታ የሚለየው ሕመም፣ መጠጡና ሌላው ዕፅ በአንድ ጥራዝ ተጽፈዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ፕራይም በተባለው ሥራ፣ በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ይኸው ተሞክሯል፤ በአንዱ ጣቢያ፣ በዚያው ነርስ እጅ ከባዱ የአእምሮ ሕመምም የመጠጥ ሱስም ታይቷል። በገጠር የተቻለው በላፍቶ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም፤ እውነቱን ለመናገር ግን መድኃኒቱ በሚጠፋበት፣ የሠለጠነውም ሠራተኛ በሚዛወርበት ጊዜ ሥራው ይሰናከላል።

መሪጌታ፦ እናቲቱ ጸበሉን አትተውም፤ እኔም ተይው አልላትም።

ሲስተር፦ እኔም አልልም። በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከካህናቱና ከአጥማቂዎቹ ጋር ተስማምተው ሕሙማኑን በዚያው ያከሙበት ሥራ አለ፤ ጸበሉ መድኃኒቱን አልከለከለም፣ መድኃኒቱም ጸበሉን አልነቀፈም። የምንለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መድኃኒቱን አስጥለው አያስጠምቁት፣ በሰንሰለትም አይሰሩት።

መሪጌታ፦ ይህ ይሁን። ነገር ግን አንድ ቅር የሚለኝ አለ። ልጁ ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢሻለው የሚመለሰው ወደዚያው ወደ ሌሊት ሥራና ወደዚያው መንገድ ነው። ከመካኒሳ እስከ ጀሞ ስንት የጫት ሱቅና ስንት አረቄ ቤት እንዳለ ያውቃሉ፤ የአልኮል ፋብሪካ ራሱ በመካኒሳ ይገኛል። ከሰዓት በኋላ ያለውን ባዶ ሰዓት የሚሞላለት ምንድን ነው? ክኒን ሰዓት አይሞላም።

ሲስተር፦ አይሞላም። መንግሥት በበኩሉ በ2011 ዓ.ም. በወጣው 1112ኛ አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ፣ የአልኮልም ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር ከልክሏል፤ አዋጁ በመንደራችን ሱቅ ደጅ ምን ያህል እንደሚከበር ግን እኛው በዓይናችን እናያለን። የቀን ሥራ ማግኘት፣ አብሮት የሚውል ሰው ማግኘት የሕክምናው ጌጥ ሳይሆን የሕክምናው ክፍል ነው፤ ይህን ደግሞ ነርስ ብቻዋን ልትሰጠው አትችልም።

መሪጌታ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው፤ ይህ ልጅ ግን በሽታውን አልደበቀም፣ እናቱም በአደባባይ ይዛው ዞራለች፤ መድኃኒቱን በየደጁ የከፋፈልነው እኛ ነን። እንግዲህ በእድራችን ስብሰባ የማቀርበውን ልንገርዎ። እድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለቤተ ሰቡም ገንዘብ ይሰጣል፤ በቁሙ ሳለ ግን ለጤና ጣቢያ መመላለሻ አንድ ብር አያወጣም። ደንቡ እንዲሻሻል እጠይቃለሁ፤ ሕሙሙን በቀጠሮው ቀን ይዞት የሚሄድ ሰው በተራ ይመደብ፣ የቀን ሥራም ከአባላቱ መካከል ይፈለግለት። አንዳንዶች፣ ለሰካራም ገንዘባችንን እናወጣለንን ብለው እንደሚቃወሙኝ አውቃለሁ።

ሲስተር፦ ሲቃወሙዎ፣ ቢወድቅስ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ደንቡን ሲያስጽፉ መልሱን አብረው ያስጽፉት። ልጁ ይወድቃል፤ አንድ ቀን ተመልሶ ይቅማል፣ ይጠጣልም፣ መድኃኒቱንም ይረሳል። በዚያን ቀን ቀጠሮው አይሰረዝበት፣ ተራው የደረሰውም ሰው አይቅርበት፤ እንዲያውም ከሌላው ጊዜ ይልቅ በዚያ ሳምንት ቶሎ ይምጣ። የወደቀበትን ቀን ከሕክምናው የሚያስወጣ ምክንያት ካደረግነው፣ እናቲቱን ሲመልሷት ከነበሩት ሰዎች በምንም አንለይም።

መሪጌታ፦ እንግዲያው በዚህ ቃል አስጽፈዋለሁ፤ ለተቃዋሚዎቹም የንስሓውን ሥርዓት እኔ አስረዳቸዋለሁ፣ የመንቀጥቀጡን አደጋ ግን እርስዎ ቀርበው ይንገሯቸው፤ እኔ ብቻዬን ብናገር ስብከት ይሉታል፣ እርስዎም ብቻዎን ቢናገሩ የነርስ ነገር ነው ብለው ያልፉታል።